ወንድ ልጅሽንም ጠይቂው

እህቴ፣ «ፎቶዋን ባትለጥፍ ኖሮ» አትበዪ። በ2024 ከፌርፋክስ ሰፈራችን ብዙም በማይርቀው ቤቨርሊ ሂልስ፣ የ16 የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት በኤአይ ከራቁት ገላ ጋር ተቀጥሎ ተሰራጨ። ያደረጉት አምስት የክፍል ጓደኞቻቸው ተባረሩ። ለዚህ አንድ የፊት ፎቶ ይበቃል፤ ሒጃብም አያስጥልም። «ምስሉ እኮ ፈጠራ ነው» ይላሉ። ፊቱ የእውነተኛ ልጅ ከሆነ ክብር መድፈር ነው። በሱረቱ ኑር ዓይንን ስበሩ የሚለው ትእዛዝ ቀድሞ የመጣው ለወንዶች ነው (24፥30)፤ እኛ ግን ሴቷን እየጠበቅን ወንዱን ከነስልኩ በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ ትተነዋል።

ነርስ ነኝ፤ ቁጣ የፈራች ልጅ ሕመሟን ትደብቃለች። ከደረሰባት እቀፊያት፣ ምስሉን ለማንም አትላኪ፣ አመልክቺ፤ የ2025ቱ የፌደራል ሕግ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ያስገድዳል። ዛሬ ማታ ግን ወንድ ልጅሽን አናግሪው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።