«ሲስተም የለም» ለነጋዴው መልስ አይሆንም

ዳንግላ ወርዶ እህል የሚሸምት ነጋዴ፣ ዋጋ ተስማምቶ ገንዘቡን በሞባይል ለማስተላለፍ ሲሞክር «ሲስተም የለም» ከተባለ የጫነው መኪና ቆሞ ያድራል። ሻጩ ግን አይጠብቀውም፤ ጥሬ ብር ለያዘው ይሸጣል።

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የተለያዩ ችግሮች ተደብቀዋል። መብራት ሲጠፋም፣ መስመር ሲቋረጥም የሚነገረው ይኸው ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ፣ የባንኩ ሰርቨር የቱንም ያህል ቢበረታ ለእንጅባራው ነጋዴ የሚፈይደው አልነበረም። ሰርቨሩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ተጨናንቆ ሲቆም ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህኛው በባንኮች እጅ ያለ ችግር ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ለደንበኞቹ ባቀረበው አገልግሎት፣ የሰርቨሮች ጭነት በየደቂቃው ይለካል፤ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ ተጨማሪ ሰርቨር በራሱ ይከፈታል፤ ገበያው ሲበርድ ይዘጋል። ሂሳቡም በተጠቀሙበት ልክ ነው። የእህል መጋዘን ባለቤት በገበያ ቀን ጫኝና አውራጅ ጨምሮ በማግስቱ እንደሚያሰናብተው ማለት ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የእንጅባራ ሆቴሎች ለአንድ ቀን ብለው ፎቅ አይሠሩም። ለደመወዝ ሰሞንና ለበዓል ዋዜማ ተብሎ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሰርቨር ግን ቀሪውን ወር ተኝቶ ይከርማል።

ኪራዩ ርካሽ ነው ለማለት ግን አይቻልም። ክፍያው በዶላር ከሆነ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ጭማሪው ጣሪያ ሊበጅለት ይገባል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የተከፈቱት የግል የመረጃ ማዕከላትም አማራጭ ናቸው።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ክትትሉ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ያልሰማ የለም። ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ወጪ አደረጉ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ መወሰዱም ተነገረ። ባንኩ ምክንያቱ በሲስተሙ ላይ ያደረገው ማሻሻያ እንጂ የውጭ ጥቃት እንዳልሆነ አስታውቋል። እንዲህ ባለ ሌሊት የጭነት ልኬት ብቻ የሚከታተል መሣሪያ ምን ያደርግ ነበር? ወረፋው በዝቷል ብሎ ተጨማሪ ሰርቨር ይከፍት ነበር! ማሽኖቹ ሁሉ ጤነኛ፣ ካዝናው ግን የሚያፈስ። ሰርቨር የሚጨምር ሰው፣ በሰዓት ስንት ብር ወጣ፣ ከተለመደው በምን ያህል ይበልጣል፣ ሂሳቡስ ይችለዋል ወይ የሚለውን አብሮ ካላስለካ፣ በር እያሰፋ ዘበኛ እንዳላቆመ ይቆጠራል። ጭማሪ በማሽን ይሁን፤ ማስቆሚያውም በማሽን ይሁን፤ እኩለ ሌሊት ላይ ኃላፊ እስኪቀሰቀስ የሚጠብቅ ገንዘብ የለም።

የግል ባንክ ባለአክሲዮኖች በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲሰበሰቡ ስለ ትርፍ ድርሻ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ዘንድሮ ሁለት ጥያቄ ቢጨምሩ አይጎዳቸውም፦ ሲስተሙ በዓመት ስንት ሰዓት ቆመ? መቆሙንስ መጀመሪያ ያወቀው የባንኩ ባለሙያ ነው ወይስ ዳንግላ ላይ መኪና አቁሞ የሚጠብቀው ደንበኛ?