በባላንጣ ነቀፋ የሚገኝ ወንበር

ሕዝብ እንደራሴውን በድምፁ በሚመርጥበት አገር ሁሉ፥ ለመመረጥ የሚቀርብ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አሳቡንና የሠራውን ሥራ ለሕዝብ ገልጦ መመዘን ነው። ሁለተኛው የራሱን ሸሽጎ የባላንጣውን ጕድፍ እያወጣ፥ ጕድፍ ቢያጣበትም እየፈጠረ፥ በወገኖቹ ኀይልና ገንዘብ ተደግፎ ወንበሩን መሻማት ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሩቅና አድካሚ ስለ ሆነ ጥቂቶች ይሄዱበታል፤ ሁለተኛው አቋራጭ ስለሚመስል ብዙዎች ይሽቀዳደሙበታል። ነገር ግን አቋራጩ ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ መመርመር የአስተዋይ ሰው ፈንታ ነው።

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለውን የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የጐበኘ ሰው ለዚህ ነገር ምሳሌ ያገኛል። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ያለበት ኮረብታ ባሕር ዛፍ የሞላበት ነበር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ፥ ማገዶ ያጣችውን ከተማ የታደገ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የምድሩን ውኃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ከሥሩ ሌላው ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ በማዕከሉ በእርሱ ፈንታ ጥድ፥ ወይራ፥ ኮሶና ሌላውም የአገር ዛፍ ቀስ በቀስ ይተካል። የአገሩ ዛፍ አስተዳደጉ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ጥላው ለሌላው ይተርፋል። ባላንጣን በመንቀፍ የሚሰበሰብ ድምፅም እንደ ባሕር ዛፉ ፈጥኖ ይበቅላል፤ ከሥሩ ግን አሳብ አያበቅልም።

ካህናት ዘወትር የሚያነቡት መጽሐፈ መሳፍንትም ስለ ዛፎች ምርጫ ይተርካል። ዛፎች በላያቸው የሚነግሥ ሲፈልጉ ወይራው ዘይቱን፥ በለሱ ጣፋጭ ፍሬውን፥ ወይኑ መጠጡን ትቶ መንገሥን እንቢ አለ፤ በመጨረሻ እሾሁ እሺ አለና፥ ከጥላዬ በታች ካልገባችሁ እሳት ይወጣባችኋል ሲል ዛተ። ይህን ምሳሌ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ የተናገረው በአቢሜሌክ ምክንያት ነበር። የአቢሜሌክ አካሄድም ሊመረመር የሚገባው ነው። አስቀድሞ ወደ እናቱ ወገኖች ወደ ሴኬም ሰዎች ሄዶ ሥጋ ዘመድነቱን አስታወሰ እንጂ ምን ሊሠራላቸው እንዳሰበ አልተናገረም። ቀጥሎ ከጣዖቱ ቤት 70 ብር ተቀብሎ ወሮበሎችን ቀጠረ፤ በእነርሱም ኀይል ወንድሞቹን አጠፋ። ኋላ ግን ያነገሡትን የሴኬምን ሰዎች በግንባቸው ውስጥ አቃጠላቸው፤ እርሱም ከአንዲት ሴት እጅ በተጣለ የወፍጮ መጅ ራሱ ተሰብሮ ሞተ። እንግዲህ በዘር መወደድን መፈለግ፥ በሕዝብ ቤት ገንዘብ መደገፍና ተወዳዳሪን ማጥፋት ያን ጊዜም አንድ ላይ የሚሄዱ ነበሩ።

ለኢትዮጵያም ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፥ ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ፥ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን የቅንጅት ደጋፊዎች በመስቀል ዐደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሆነው በሰላም ተሰብስበው በሰላም ተመለሱ። ሕዝቡ ጨዋነቱን በዚህ አስመሰከረ። መሪዎቹ ግን የሕዝቡን ያህል አልታገሡም። ገዥው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹን በሩዋንዳ ሕዝብ ካስጨረሰው ከኢንተርሐምዌ ጋር አመሳሰላቸው፤ ከተቃዋሚዎቹም ወገን የሚሰጠው መልስ የለዘበ አልነበረም። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፥ የአዲስ አበባን 23 የምክር ቤት ወንበሮች ሁሉ ቅንጅት አሸነፈ፤ በጠቅላላው ውጤት ላይ ግን ክርክር ተነሣ። ከዚህም በተከተለው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን የመርማሪው ኮሚሽን ዘገባ አስታወቀ። ይህን ሁሉ ሞት የምርጫ ነቀፋ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ተወዳዳሪውን ነፍሰ ገዳይ ብሎ የሰየመ ሰው፥ ኋላ ከእርሱ ጋር በእርቅ ለመነጋገር በሩን በገዛ እጁ ዘግቷል።

ደግሞም ስሙ እንደማይዘልቅ ዘመን ራሱ ምስክር ነው። በ1997 ዓ.ም. ከቅንጅት መሪዎች አንዱ የነበሩት፥ ኋላም የታሰሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ፥ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የዚያን ጊዜ ጠላት የተባለ በሌላ ጊዜ የመንግሥት ባልደረባ ሊሆን ከቻለ፥ ያ ሁሉ የስድብ ቃል ለምን ጠቀመ?

ስለ ወገን ድጋፍም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ፓርቲ ዕጩውን በምክር፥ በአባላቱ ጕልበትና በሕጋዊ መዋጮ ቢደግፍ ተግባሩ ነው። ነገር ግን የመንግሥት መኪና፥ የቀበሌ አዳራሽና የሠራተኛ የሥራ ሰዓት ለአንድ ወገን ዕጩ ሲውል፥ ድጋፍ መባሉ ቀርቶ የሕዝብን ንብረት መውሰድ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት፥ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በአማራና በደቡብ ክልሎች የተወዳዳሪ ፓርቲዎች ወኪሎች ከምርጫ ጣቢያ እንደ ተባረሩ በይፋ ተናገሩ። ብልጽግና ፓርቲ በዚያ ምርጫ ከ436 ወንበሮች 410ሩን አሸነፈ። ይህን ያህል ድምፅ ያገኘ ወገን የባላንጣውን ታዛቢ የሚያባርር ሎሌ አያስፈልገውም ነበር፤ እንዲህ ያለው ሎሌ ጌታውን የጠቀመ እየመሰለው በድሉ ላይ ጥርጥር ይጨምርበታልና።

በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 የመንግሥትን ሀብት ለምርጫ ቅስቀሳ ማዋልም፥ በአምልኮ ቤቶች ውስጥ መቀስቀስም ተከልክሏል። ሕጉ ግን በወረቀት ላይ ብቻውን አይቆምም፤ ጠባቂዎቹ ሹማምንትና ካህናት ናቸው። ሹም ማኅተሙን ሲይዝ የአንድ ወገን አገልጋይ መሆኑ ይቀራል፤ ስለዚህ ባላንጣው አዳራሽ ሲጠይቅ ለራሱ ወገን በሰጠበት ደንብ ሊሰጠው ይገባል። ካህንም በአንድ መስቀል የሚያሳልማቸው ምእመናን በምርጫ ጊዜ የተለያየ አሳብ ያላቸው ስለ ሆኑ፥ ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ሰላምን ይስበክ እንጂ ዕጩን አይጥራ።

ይህ ማለት ባላንጣ አይነቀፍ ማለት አይደለም። የባላንጣን ዕቅድ መመርመር፥ ያባከነውን ገንዘብ መቍጠር፥ ያልፈጸመውን ተስፋ ማስታወስ ለመራጩ የሚጠቅም ነቀፋ ነው፤ ማስረጃ ያለው ስለ ሆነም መልስ ይቀበላል። በዘሩ፥ በሃይማኖቱና በቤተ ሰቡ መስደብ ግን መልስ የለውም፤ መልሱ ዱላ ብቻ ነው። በጥንት ሮማ ሹመት ፈላጊ ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሶ በሕዝብ ፊት ይቀርብ እንደ ነበረ ይታወቃል። ልብሱ ነጭ የሆነው የባላንጣውን ጭቃ ለማሳየት አልነበረም፤ የራሱ ንጽሕና እንዲታይ ነበር እንጂ።

ስለዚህ ለመመረጥ የሚነሣ ሁሉ ወይራውንና እሾሁን ያስብ። ወይራው ከመሾሙ በፊት ዘይት ነበረው፤ እሾሁ ግን ከዛቻ በቀር የሚያቀርበው አልነበረውም። መራጩም ከዕጩው አፍ የባላንጣውን ስም ብቻ ደጋግሞ ቢሰማ፥ የራስህስ ፍሬ የታለ ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።