ያለ መነጽር አጥርቶ ማየት ይቻላልን?

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚጓዝ መንገደኛ የቆቦን ሜዳ ሲያቋርጥ የማሽላው ማሳ እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግቶ ይታየዋል። በዚያው ሜዳ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ግን የፊት ለፊቱ ሰሌዳ እንኳ የሚደበዝዝበት ተማሪ አይጠፋም። ዓይኑን አጥብቦ ይመለከታል፤ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፤ መነጽር አድርግ ሲሉት ግን «ዓይን ያሰንፋል» ብሎ ይሸሻል።

እኔም በተማሪነቴ ጊዜ እንደዚሁ ነበርሁ። «አራት ዓይና» መባልን ፈርቼ፣ ዊሊያም ቤትስ የተባለው አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረውን ዘዴ ለወራት ሞከርሁ። ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንሁ፤ ብሌኔን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀስሁ። ዓይኔ ዐረፈ፤ ሰሌዳው ግን አልጠራም። ምክንያቱም የሩቁን አጥርቶ የማያይ ሰው ዓይኑ ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ የረዘመ ስለ ሆነ፣ ምስሉ ከሬቲናው ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ያርፋል። የረዘመውን ዓይን ደግሞ እንቅስቃሴ አያሳጥረውም። መነጽር ብርሃኑን ወደ ስፍራው ይመራል እንጂ ዓይንን አያሰንፍም። ይልቁንም ቤትስ ይመክር እንደ ነበረው ፀሐይን ትክ ብሎ ማየት ዓይንን ያቃጥላል።

ታዲያ ያለ መነጽር ለዓይን የሚደረግ ነገር የለምን? አለ እንጂ! በቻይና በጓንዡ ከተማ በአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ጨምረው ደጅ ከዋሉት ልጆች መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ የሩቁን ማየት የተሳናቸው ከመቶው 30 ያህል ሲሆኑ፣ ካልጨመሩት ግን 40 ያህል ነበሩ። እንዲሁም ከምግብ ጉድለት የሚመጣውን ዳፍንት ጉበት፣ ጎመን፣ ዱባና ፓፓያ ይከላከሉታል።

በእኛ አገር ግን ከከፉት የዓይን ጠላቶች አንዱ ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት ይኸው በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በሰፊው ቢታደልም በሽታው ገና አልጠፋም። በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል፤ ሲደጋገምም የዓይንን ቆብ ከውስጥ ያጠባስስና ፀጉሩን ወደ ውስጥ አዙሮ ብሌኑን ይፍቃል። ልጆችን የሚያሳድጉ እናቶች ይበልጥ ይጎዱበታል። በወረንጦ የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ አጭር ቀዶ ሕክምና ግን ፍቀቱን ያስቆማል። ለዚህ በሽታ መነጽርም የዓይን እንቅስቃሴም አይረዱም፤ የሚረዱት ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና ሐኪም ናቸው።

እንግዲህ በየወረዳው የተመደባችሁ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ ውሃ ለመቅዳት በቆላ ፀሐይ ረጅም መንገድ የምትሄደውን እናት «የልጅሽን ፊት እጠቢ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ያችን እናት ከመውቀሳችን በፊት የውሃውን ቧንቧ ወደ ደጇ ማቅረብ የእኛ ፈንታ ነው። ተማሪዎችም ሰሌዳው ሲደበዝዝባችሁ ሳታፍሩ ተመርመሩ፤ መነጽር ከታዘዘላችሁ አድርጉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዓይንም ይሠራል።