ቦታ በሊዝ ይዞ ቤት ስለ መሥራት

ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። በስሜን ተራራ ግርጌ በደባርቅና በዳባት የሚኖር ሰው ግን ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ከባሕር ዛፉና ከቆርቆሮው በፊት የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ቤቱ የሚቆምበት ቦታ ነው። በዚያ አገር ባለርስት የነበረ ሰው ለመሬቱ ግብር ይገብር ነበር እንጂ ለቤቱ መቆሚያ ኪራይ መክፈል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ የተለወጠው በ1967 ዓ.ም. ነው። በየካቲት የገጠሩ መሬት፥ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያም በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ። ሊዝ የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ ሲሆን፥ ፍቺው ቦታን ለተወሰነ ዘመን በኪራይ ውል መያዝ ነው። ሕጉም በ1994 ዓ.ም. ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 እንደገና ተተካ። ይህ የኋለኛው አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ቦታ ለ99 ዓመት እንዲያዝ ፈቀደ። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሲሰሙት እጅግ ረጅም ነው፤ የልጅ ልጅም ይኖርበታል። ነገር ግን ቤተሰብን የሚያስጨንቀው የዘመኑ ማጠር ሳይሆን የክፍያው አኳኋን ነው።

በአዋጁ መሠረት ቦታ የሚይዝ ሰው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ ከመቶ 10 አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን በየዓመቱ እኩል እየከፈለ ይጨርሳል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ባልተከፈለው ገንዘብ ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለሚያበድረው ገንዘብ በሚጠይቀው ልክ ወለድ ይታሰብበታል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መምህርና ሚስቱ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ ሜትር 1,000 ብር ያዙ እንበል። ዋጋው 200,000 ብር ነው፤ 20,000 ብር አስቀድመው ከፈሉ፤ 180,000 ብር ቀረ። ይህን በ30 ዓመት ለመጨረስ ቢዋዋሉ በያመቱ 6,000 ብር ይደርስባቸዋል፤ ይህም የሚቻል ይመስላል። ወለዱ ከመቶ 10 ቢሆን ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍሉት 6,000 ብር ሳይሆን 24,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 18,000 ብሩ ወለድ ነውና። ወለዱ በየዓመቱ እየቀነሰ ቢሄድም በ30ው ዓመት ውስጥ 279,000 ብር ይደርሳል፤ እንግዲህ በ200,000 ብር የተገዛ የመሰላቸው ቦታ 479,000 ብር ያስወጣቸዋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ድንጋይ ሳይነሣ፥ አንድ ምሰሶ ሳይተከል ነው።

ደግሞም ክፍያው የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሆኑን እናስተውል። እነዚያ ዓመታት ልጆች የሚወለዱባቸው፥ ጭቃና ጭድ የሚረገጥባቸው፥ አናጢ የሚቀጠርባቸው ናቸው። አነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር እንዲጠናቀቅ ሕጉ አዟልና ገንዘቡን ለሊዙ ልክፈል ወይስ ለቆርቆሮው የሚል አሳብ በቤቱ ውስጥ ይገባል። ደባርቅ ብርዱ የታወቀ ነውና ቤት ሳይከደን ክረምት መግባት ቀላል ነገር አይደለም። ክፍያውን ሦስት ዓመት ያሳደረ ሰው ንብረቱ ተይዞ ለውዝፉ ሊሸጥ ይችላል። ግማሽ ሳይደርስ ቦታውን ለሌላ ያስተላለፈ ደግሞ የሚቀርለት የከፈለው ሊዝ ከባንክ የቁጠባ ወለድ ጋር፥ የሠራው ሥራ ዋጋና ከሊዙ መተላለፊያ ዋጋ ከመቶ 5 ብቻ ነው። ይህ ድንጋጌ የወጣው በባዶ ቦታ የሚነግዱትን ለመከልከል ነው፤ አሳቡም መልካም ነው። ሆኖም ባሏ የሞተባትና ጅምር ቤት ይዛ የቀረች ሴት ከነጋዴው ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኗ ለዚህ ጸሐፊ ተገቢ ሆኖ አልታየውም።

በደባርቅ ይህ ነገር ለብዙ ሰው አዲስ ሆኖ መጥቷል። በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከግጭ መንደር 418 አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ፓርኩ በዩኔስኮ ዘንድ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ የነበረ ሲሆን፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ፤ አገርም ደስ አላት። ገብስ ያበቅል፥ በግ ያረባ የነበረው ሰው ግን የከተማ ነዋሪ ሆነ። በከተማ ዳር መሬቱ ለሚወሰድበት ገበሬም የ1997ቱ አዋጅ የዓመት ገቢውን አሥር እጥፍ ካሳ ሲያዝለት፥ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። ካሳ ግን አንድ ጊዜ የሚመጣ ገንዘብ ነው፤ የከተማ ወጪ ደግሞ በየወሩ የሚመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ እስከ ጭና በደረሰ ጊዜም ቤቱን ጥሎ በእነዚህ ከተሞች የተጠለለው ሰው ብዙ ነበር።

መድኃኒቱስ ምንድር ነው ቢባል፥ አንዱ መንገድ ማኅበር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በምደባ ቦታ ሲያገኙ በጨረታ ከባለጸጋ ጋር ከመፎካከር ይድናሉ። በእንግሊዝ አገር ይኸው የኪራይ ቦታ ጉዳይ ብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆይቶ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በወጣ ሕግ አዲስ በሚጻፉ በብዙዎቹ የረጅም ዘመን የመኖሪያ ቤት ውሎች ላይ የመሬት ኪራይ ገንዘብ እንዳይጠየቅ ተደረገ። በእኛም ዘንድ ለመጀመሪያ መኖሪያ ቤት የሚታሰበው ወለድ ለንግድ ከሚታሰበው ቢለይ፥ መንግሥት የሚያጣው ጥቂት፥ ቤተሰብ የሚያገኘው ዕረፍት ብዙ በሆነ ነበር።

እስከዚያው ድረስ አሮጌ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ። ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ የተቀበለው ሰው ግን ቦታውን በሊዝ ይይዛል ብሎ የ2004ቱ አዋጅ ደንግጓልና፥ ለቤቱ ከሚከፈለው ሌላ የሚመጣ ዕዳ መኖሩን ከመፈረም በፊት ማወቅ ያስፈልጋል። ወይዛዝርትም በውሉ ላይ ስማቸው መጻፉን ይመልከቱ። በአማራ ክልል ገጠር የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ በከተማ ውል ላይ የአንዱ ስም ብቻ የሚቀርበት ምክንያት የለም።