አማርኛው የት ገባ?

ኮምፒውተሩ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ከተሻገረ በኋላ «ሰላም» ሊጽፉ ሲሉ የላቲን ፊደል ወጣብዎት? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ ወደ ዊንዶውስ 11 ለሚሻገር ቤተሰብ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ከአሶሳም ሆነ ከገነተ ማርያም ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልጅ የሥራ ፍለጋ ደብዳቤ የሚጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። ቀነ ገደብ ላለበት ሰው አማርኛ የማይጽፍ ኮምፒውተር እንደሌለ ይቆጠራል።

አዲስ ኪቦርድ ከመግዛትዎ በፊት ግን እነዚህን ይሞክሩ።

በመጀመሪያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን እና «ኦ»ን አንድ ላይ ይጫኑ። ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይወጣል። በማውዝ ሲነኩት በትክክል ጽፎ፣ በእጅ የሚመቱት ያው ቁልፍ ግን ዝም ካለ ችግሩ ከዕቃው ወይም ከሾፌሩ (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እኩል ከተሳሳቱ ግን ኪቦርዱ ደህና ነው፤ የተዛባው ቅንብሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ያለውን የቋንቋ ምልክት ይመልከቱ። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብረው ሲጫኑ ቋንቋው ይቀያየራል። አማርኛ ከዝርዝሩ ከሌለ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው በሰዓትና ቋንቋ ክፍል ይጨምሩት። ኪይማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጫንም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የ«አት» ምልክትና የትምህርተ ጥቅሱ ቁልፍ ቦታ ከተለዋወጡ ኮምፒውተሩ ከአሜሪካ ኪቦርድ ወደ እንግሊዝ ኪቦርድ ዞሯል ማለት ነው። የይለፍ ቃልዎ «ስህተት ነው» የሚባለውም አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። በአንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ «ዩ»፣ «አይ»፣ «ኦ» ሲመቱ 4፣ 5፣ 6 ከወጣ ነምሎክን ያጥፉ። የቀኙን ሺፍት ስምንት ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት ደግሞ ፊልተር ኪይስን ሊያስነሳ ይችላል፤ ያኔ ኪቦርዱ ይዘገያል። እሱንም ከሴቲንግስ ያጠፉታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የድሮው ጽሑፍ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የቀድሞ እትሞች ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደሎችን ቁጥር ነበር። አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየን ፎንቱ ብቻ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ያ ፎንት ከሌለው የአባትዎ ኑዛዜ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ይከፈታል። ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየርም አያድነውም፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር የአማርኛ አይደለምና። በተጨማሪም ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ በድሮ ጊዜ ለ16 ቢት ዊንዶውስ የተሠሩ የመጻፊያ ፕሮግራሞች አይነሱበትም።

ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተር ገና ሳይነካ ሦስት ነገር ያድርጉ። ፎንቶቹን በፍላሽ ይቅዱ። አስፈላጊ ሰነዶችን እዚያው ከፍተው ፒዲኤፍ ያድርጓቸውና በስልክዎ ከፍተው ይዩ፤ በስልኩ ላይ አማርኛው በትክክል ከተነበበ ተርፏል። ሊያሻሽሏቸው የሚፈልጓቸውን ደግሞ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያዙሩ፤ ከዚያ በኋላ ስምን፣ ቀንንና የገንዘብ መጠንን ከዋናው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። በውል ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሰው ታካስሳለች።

ማሻሻያውን ባለሙያ የሚሠራልዎት ከሆነም ኮምፒውተሩን ከማስረከብዎ በፊት «የአማርኛ ፎንቶቼና ሰነዶቼ ተቀድተዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ኪቦርድ ከገበያ ይገዛል፤ የጠፋ ኑዛዜ ግን የትም አይገኝም።