ያንን ብስክሌት በስንት ሸጥከው?

መስከረምን ያሳለፍኩት ስፔን ነው፤ ልጄ ዘንድ። በዚህ አምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ብለናል፤ ስለ ራሴ ልጅ ግን እምብዛም አንስቼ አላውቅም። ዛሬ ላነሳ ነው። መነሻዬ ብስክሌት ነው።

ልጄ የሚኖረው ሎግሮኞ በምትባል ከተማ ነው። በሰሜን ስፔን የላ ሪዮኻ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ ኤብሮ የሚባለው ታላቅ ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። ወይን ጠጅ የሚወድ ሰው ሪዮኻ የሚለውን ስም ከጠርሙስ ላይ ያውቀዋል፤ እኔ ያወቅሁት ከልጄ አድራሻ ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ምድር ቤት ይዞኝ ወረደና ሁለት ብስክሌት አሳየኝ። አንዱ የራሱ ነው፤ በአንድ እጅ የሚነሳ። ሌላው ለእኔ የተከራየው ባለ ሞተር ነው። «አባዬ፣ አቀበቱን ሞተሩ ያግዝሃል፤ ፔዳሉን ካልረገጥክ ግን አይሄድም» አለኝ። በሕጋቸው የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ሞተር ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማገዙን ያቆማል። 66 ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

ቢሆንም ወዲያው እሺ አላልኩም። ምክንያቱን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ልጆቼን ያሳደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት የማይነዳ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ራሱ ባጠራቀመው ብርና እናቱ በጨመረችለት አሮጌ የውድድር ብስክሌት ገዛ። ካቴናውን በየማታው በጨርቅ ይወለውላል፤ ከመነዳሪው ሲተነፍስ ራሱ ይለጥፋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድራ እንደነበር ለእኔ ለአስተማሪው ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሳያስፈቅድ ወደ ጢስ ዓባይ ሄደ። ሲመለስ አንድ የጭነት መኪና በጣም ተጠግቶ ሲያልፍ ገፋውና ቦይ ውስጥ ወደቀ። ትከሻው ተላጠ፣ ሸሚዙ ተቀደደ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ዐርብ ዕለት፣ እሱ ትምህርት ቤት እያለ፣ ብስክሌቱን ለአንድ ዳቦ አመላላሽ ሸጥኩት።

ከሰዓት መጥቶ የሚያቆምበት ቦታ ባዶ ሆኖ አየው። አልጮኸም፣ አላለቀሰም፣ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። እኔም ምንም አላልኩም። ገንዘቡን ለመጻሕፍቱና ለደብተሩ አዋልኩት፤ ያው ለእሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላችን ብስክሌት የሚባል ነገር ተነስቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት ልጄ ደውሎ ስለ አየሩ ሁኔታ ነበር ያወራኝ። ዜናውን አንብቤው ነበር። እኔም ስለ ዝናቡ መለስኩለት።

እንግዲህ ያ ልጅ ነው ሄልሜት አጥልቆልኝ ማሰሪያውን አገጬ ሥር የቆለፈው።

ከሎግሮኞ እስከ ላጓርዲያ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ኤብሮን እንደተሻገርን ወይኑ ይጀምራል፤ ግራና ቀኝ፣ መስመር በመስመር፣ እስከ ተራራው እግር። እኛ አደይ አበባ ስናይ እነሱ ወይን ይለቅማሉ። ብዙው ቴምፕራኒዮ የሚሉት ጥቁር ወይን ነው፤ ስሙም ቶሎ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚበስል። ዘለላ የጫኑ ትራክተሮች ከየማሳው ይወጣሉ፤ አስፋልቱ ሳይቀር ጠጅ ጠጅ ይሸታል።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ሰዓት ይህን ሁሉ በቅጡ አላየሁትም። ጆሮዬ ከኋላ ነበር። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ ፍሬን ላይ ይጣበቃል። መኪናው ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ይከተለናል፤ ከፊት መንገዱ ነጻ እስኪሆን ይጠብቅና ወደ ግራ ወጥቶ ያልፈናል። ሕጉ ብስክሌተኛን የሚያልፍ መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያስገድዳል፤ በአንድ አቅጣጫ ከአንድ በላይ መስመር ያለው መንገድ ከሆነ ጭራሽ መስመር መቀየር አለበት። ብስክሌተኛውም ግዴታ አለበት። ከከተማ ውጪ ያለ ሄልሜት አይነዳም፤ ጠጥቶ ከተገኘም ይቀጣል። ስለዚህ ወይኑ ቤት ከገቡ በኋላ ነው። አንድ ሜትር ተኩል! ያ የጢስ ዓባይ መንገድ ሹፌር ይህን ያህል ቢርቅ ኖሮ እኔና ልጄ በስልክ ሌላ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ላጓርዲያ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ በግንብ የታጠረች መንደር ናት። ከሥሯ በወይን ጓዳ ተቦርቡራለች፤ መኪና ወደ ውስጥ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። ወይኑ በኦክ እንጨት በርሜል ይተኛል፤ ቀዩ ሬዘርቫ ለመባል በትንሹ ሦስት ዓመት፣ ግራን ሬዘርቫ ለመባል አምስት ዓመት ይጠብቃል። የእኛ ጠጅ ይህን ቢሰማ ይስቃል። አጠገቧ ባለችው ኤልሲዬጎ ፍራንክ ጌሪ የተባለው አርክቴክት የሠራው ሆቴል አለ፤ ነፋስ የገለባበጠው ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። ልጄ ድንቅ ነው ይላል፤ በዚህ አልተስማማንም።

ከላጓርዲያ በላይ አቀበቱ ይጀምራል። የኤሬራ በር ይባላል፤ እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ማለት ነው። ወደ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥታችሁ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ኮራሁ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት፤ የእነሱ ተራራ በእኛ አቆጣጠር ቆላ ነው። ግን ቆላ ብዬ ያለ ሹራብ መውጣቴ ስህተት ነበር። አገሩ ከምድር ወገብ የራቀ ነውና ከላይ ያለው ብርድ የደብረ ብርሃንን ያስንቃል።

ከበሩ ዝቅ ብሎ የሪዮኻ ሰገነት የሚሉት ቦታ አለ። ሸለቆው በሙሉ ከእግር ሥር ይታያል፤ ኤብሮ፣ መንደሮቹ፣ ማሳው፣ በስተደቡብ ደግሞ ከ2200 ሜትር በላይ የሆነው የሳን ሎሬንሶ ተራራ። ከሰሜን የሚመጣው ደመና በተራራው ጫፍ ላይ ድስት ውስጥ እንደሚገነፍል ወተት ይፈስስና ሳይወርድ ይጠፋል። ወይኑን ያቆየው ይኸው ተራራ ነው፤ የሰሜኑን ባሕር ዝናብ ይከለክልለታል።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ቀና ሳይል «አባዬ፣ ያንን ብስክሌት በስንት ነበር የሸጥከው?» አለኝ።

«በአራት መቶ ብር።»

ትንሽ ዝም አለና «ስድስት መቶ ያወጣ ነበር» አለ።

በእኛ ባህል አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም፤ ቢሆንም ሽማግሌ ይላካል። እዚያ ተራራ ላይ ግን ያለሁት ሽማግሌ እኔው ነኝ። መፍራቴ ልክ እንደነበር፣ አሁንም ቢሆን እንደምፈራ ነገርኩት። ሳልነግረው መሸጤ ግን ጥፋት ነበር፤ «ይቅር በለኝ» አልኩት። የብርቱካኑን ግማሽ ሰጠኝ። «ቁልቁለቱ ላይ የኋላውን ፍሬን አስቀድም፤ በደንብ ራቅ ብለህ ተከተለኝ» አለኝና ተነሳ።

እሑድ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዘን ወጣን። በአሮና በኤስካራይ መካከል ድሮ ባቡር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ተዘጋ። ዛሬ ሐዲዱ የነበረበት መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ነው። መኪና የለም፤ ባቡር ይወጣው የነበረ ስለሆነ አቀበቱም የዋህ ነው። ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደዚያ የምትሄዱ አያቶች ብትኖሩ ከተራራው በፊት በዚህ ጀምሩ።

መንገዱ ሳንቶ ዶሚንጎ ደ ላ ካልሳዳ የምትባለውን ከተማ ይነካል። ከተማዋ የተሰየመችው ለመንገደኞች መንገድና ድልድይ ሲሠራ በኖረ ቅዱስ ስም ነው። ካቴድራሉ ውስጥ፣ አትደነቁ፣ ነፍስ ያላቸው አውራ ዶሮና ሴት ዶሮ ይኖራሉ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። አባትና እናት ከወጣት ልጃቸው ጋር ለመሳለም ሲሄዱ ልጁ በሐሰት በሌብነት ተከሶ ተሰቀለ። ወላጆቹ እያለቀሱ ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ ሲመለሱ እንደተሰቀለ በሕይወት አገኙት። ለዳኛው ቢነግሩት «ልጃችሁ ሕያው የሚሆነው ይህ የተጠበሰ ዶሮ ሲጮህ ነው» አለ። ዶሮው ከሳህኑ ተነስቶ ጮኸ። የልጅ ልጄ ዶሮዎቹን ስትጠራ እኔ የወላጆቹን የመልስ ጉዞ ሳስብ ቆየሁ።

ኤስካራይ ስንደርስ ወደ ቫልዴስካራይ የሚወጣው አስፋልት ታየ። የስፔን ዙር ብስክሌተኞች የሚወጡት ተራራ ነው። ልጅቷ «ትንሽ ብቻ፣ እስከዚያ ዛፍ» አለች። ልጄ «ጨርሶ አይሞከርም!» አላት። ድምፁ የእኔ ነበር፤ ቃሉም የእኔ።

ወደ እኔ ዞረች። «አያቴ፣ አንተ ንገረው!»

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ያዝኩ። ልጄ አየኝ። ከዚያ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ አጠገቧ ተቀመጠና ያስረዳት ጀመር። በስፓኒሽ ስለነበር ምን እንዳላት አልገባኝም፤ ግን ብዙ ነገራት።

ሳምንት ሰው ይበለን።