ማሳሰቢያ፦ የቆሰበር ብርድ ከላስቲኩ ሥር የለም

ይህ ማሳሰቢያ በቆሰበር፣ በዳንግላ፣ በአዲስ ቅዳምና በዙሪያቸው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን ወይም የችግኝ መደብ በላስቲክ ሸፍናችሁ ለምታለሙ፣ ዘንድሮም ለመሸፈን ላሰባችሁ ሁሉ ነው። ከበጋው ውርጭ ለመሸሽ የሠራችሁት ቤት በቀትር ምን እንደሚሆን ገብታችሁ እዩት። ደጁ ጋቢ በሚያስደርብበት ቀን የተዘጋው ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ሙቀት አብዛኛው የጓሮ አትክልት እድገቱን ያቆማል፤ ለጋ ችግኝ ደግሞ የወራት ልፋት ይዞ በአንድ ቀትር ሊያልቅ ይችላል።

የሚያዘናጋን ብርዱ ነው። ቆሰበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ስለዚህ ላስቲክ የሚገዛ ሰው የሚያስበው ስለ ሌሊቱ ነው። ጥግ ጥጉን በአፈር ይቀብራል፣ ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል፣ በሩን ያጠባል። ቻግኒ ወርዶ ቢሠራ ኖሮ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሙቀቱ በሆነ ነበር። እዚህ ግን ሙቀት ጠላት ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ጉዳቱም የሚመጣው ባልተጠበቀበት በኩል ነው።

ከፍታ ብርድ ብቻ አያመጣም። አየሩ ስስ በመሆኑ የቀትር ፀሐይ ብዙም ሳትዳከም ትደርሳለች። በጠራ የበጋ ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1000 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ወርዱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ቤት 50 ካሬ ሜትር ነውና 50 ኪሎ ዋት ይቀበላል ማለት ነው። ላስቲኩ የተወሰነውን ቢመልሰው እንኳ ወደ ውስጥ የሚገባው ከ10 በላይ የኤሌክትሪክ ምጣዶች አንድ ክፍል ውስጥ ባንድ ጊዜ ቢጣዱ ከሚሰጡት ሙቀት አያንስም። ሜዳ ላይ ይህን ሁሉ ሙቀት ነፋሱ ጠርጎ ይወስደዋል። ላስቲኩ ነፋሱን ከልክሎታልና የሞቀው አየር መሄጃ አጥቶ እዚያው ይከማቻል፤ ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በየደቂቃው ይጨምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። በቆሰበር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሲወዳደር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስስ አየር በመስኮት ሲወጣ ይዞ የሚሄደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። በዝቅተኛ አገር ልምድ ተለክቶ የተሠራ የመስኮት ስፋት ለእኛ አይበቃም ማለት ነው። እዚህ ሰፋ ማለት አለበት።

ተክል ራሱን የሚያቀዘቅዘው ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል እያተነነ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ የሚተንነው ውኃ ሥሩ ከሚያመጣው ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ተክሉ እንዳይደርቅ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ሲዘጋቸው ግን ማቀዝቀዣውንም፣ ምግቡን የሚሠራበትን አየር መግቢያም አብሮ ዘጋ። ቅጠሉ ከዙሪያው አየር በላይ መጋል ይጀምራል። በሌላ በኩል ሙቀቱ የተክሉን አተነፋፈስ ስለሚያፈጥነው ያጠራቀመውን ስኳር ያቃጥላል። ቀን የሠራው አነስተኛ፣ ያወጣው ብዙ ሆኖ ያድራል። ከውጭ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ በውስጡ ግን እየተራበ ነው።

ምልክቱን ለይታችሁ እወቁ። ችግኝ ከሆነ አንገቱ ይረዝምና ይቀጥናል፤ ቁመቱን አይታችሁ «ደረሰ» አትበሉ፣ መስክ ላይ የመጀመሪያው ነፋስ ይጥለዋል። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ጫፉ ይደርቃል። ሰላጣ የዘራ ሰው መደቡ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ዘሩ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል፤ ዘሩ ሞቶ ሳይሆን ሙቀቱ አስተኝቶት ነው። ቲማቲምና ቃሪያ አበባቸውን ያረግፋሉ። ቲማቲም ላይ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባው ወንዴ ብናኝ ይመክናል፤ አበባው ቢያምርም ፍሬ አይዝም። የያዘው ፍሬ ደግሞ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲበስል ቀይ ቀለሙ በደንብ ስለማይሠራ ቢጫ ይሆንና ገበያ ላይ ይጣላል። የውኃው ሥርዓት ሲዛባም የፍሬው ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ዘር ሻጩን ይረግማል፣ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ፀረ ተባይ ይገዛል። ከገንዘቡ በፊት ግን የሙቀት መለኪያ ቢያይ ይሻለዋል።

ተባዩም ሙቀቱን ይወደዋል። ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ በ20 ዲግሪ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመዋለድ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲፈጅበት በ30 ዲግሪ በሳምንት ገደማ ይደርሳል። ቤቱ ደረቅና ሞቃት ከሆነ ቅጠሉ በጀርባው ድር አድርቶ ሲነጣ ታያላችሁ። በ2012 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም እሳት እራትም በሙቀት ፈጥኖ ይራባል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አካባቢያችን የዲከረንስ ዛፍና የከሰል አገር ነው፤ ከሰል በእጃችን ነው። ውርጭ ይመጣል ተብሎ በሚፈራበት ሌሊት የከሰል ምድጃ ላስቲኩ ውስጥ ማስገባት ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በተዘጋ ቦታ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። እሳቱን ሊቆሰቁስ የገባ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከዚያ ለመውጣት እንኳ አቅም ያጣል። ሊያወጣው የሚሮጠው ሁለተኛ ሰውም ሊወድቅ ይችላል። ችግኝ ለመጠበቅ ብሎ መደብ ዳር የሚተኛ ካለ ደግሞ ላይነቃ ይችላል። ለተክሉም አይጠቅመውም፦ በደንብ ያልነደደ እሳት ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በጥቂት መጠን እንኳ የቲማቲምን ቅጠል ወደ ታች ያጥፋል፣ አበባውን ያረግፋል። ለውርጭ ሌሊት መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በጆንያ መሸፈን፣ ከምሽቱ በፊት አፈሩን ማርጠብ ይበቃል። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሰዋል።

ቀኑም ለሰው አደጋ አለው። በቀትር ተዘግቶ የዋለ ላስቲክ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብሎ አረም የሚያርም ሰው ያልበዋል፣ ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ አይተንም፤ ሰውነቱ መቀዝቀዝ ያቅተዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ሲጀምር ሥራው ይቁም። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፦ ጥላ ሥር አውጡት፣ ልብሱን አላሉት፣ ውኃ አፍስሱበት፣ አርገብግቡለት፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፍ አታጠጡ። ሕፃናትን እዚያ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን በቀትር አይግቡ። ፀረ ተባይ በሞቀ ቤት ውስጥ መርጨት ደግሞ እጥፍ ድርብ አደጋ ነው፤ መድኃኒቱ በፍጥነት ይተንና በተዘጋው አየር ውስጥ ወደ ረጪው ሳንባ ይገባል። የሚረጨው ረፋዱ ሳይሞቅ በጧት፣ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ከርጭት በኋላም ቤቱ ሳይናፈስ ማንም አይግባ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ክፈቱ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያው ጫፍ ላይ መውጫ ከሌለ የጎን መስኮት ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ሆለታና ዝዋይ ያሉ የአበባ እርሻዎችን አይታችሁ ከሆነ ጣሪያቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተከፈተ ቦታ አለ፤ ለጌጥ አይደለም። በጠቅላላው የመክፈቻው ስፋት የወለሉን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ይሁን፤ ለእኛ ከፍታ ከዚያ ቢበልጥ እመርጣለሁ። 50 ካሬ ሜትር ላለው ቤት ከ10 ካሬ ሜትር ያላነሰ መክፈቻ ማለት ነው፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ በሁለቱም ጎን። ጎኑን የሚጠቀለል አድርጉት እንጂ በአፈር አትቅበሩት። ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ክፈቱ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ዝጉ። ገበያ ለመዋል ወይም ለቅሶ ለመድረስ ቤቱን ዘግቶ መሄድ ዋናው የመጥፊያ ምክንያት ነውና በእናንተ ምትክ የሚከፍት ሰው ሳትይዙ አትሂዱ። ማንም ከሌለ ተከፍቶ ይዋል፤ ችግኝ የአንድ ቀን ነፋስ ይችላል።

የሙቀት መለኪያ ግዙ። ፀሐይ ላይ ከሰቀላችሁት ውሸት ይነግራችኋል፤ በተክሉ ቁመት ልክ፣ ጥላ ባለበት አንጠልጥሉት። 28 ዲግሪ ሲደርስ ሁሉም መስኮት ክፍት መሆን አለበት፣ 32 ሲያልፍ ጥላ ያስፈልጋል። ጥላ ለመሥራት የሚሸጠው መረብ ጥሩ ነው፤ ከሌለ የዲከረንስ ችግኝ ስታፈሉ መደቡ ላይ የምትሠሩት የሣር ዳስ ለዚህም ያገለግላል። በውኃ የተበጠበጠ ኖራ ላስቲኩን ከውጭ መቀባትም ይቻላል፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያጥበዋል።

ውኃ በጧት አጠጡ። ቀትር ላይ ተክሉ ሲጠወልግ ስታዩ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ የጎደለው ነፋስ ነው፤ ውኃ ብትጨምሩ የሞቀውና የጨቀየው አፈር አየር አጥቶ ሥሩ ይበሰብሳል። በሙቀት የጠወለገ ተክል ምሽት ላይ ቀና ይላል። ጧትም ጠውልጎ ካገኛችሁት የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ጠርጥሩ። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ አንጠልጥሉት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጭ ወተት መሰል ክር ወደ ታች ከወረደ በሽታው እርሱ ነው። ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ አርቃችሁ አቃጥሉ፣ ያንን መደብ ለቲማቲም፣ ለቃሪያም ሆነ ለድንች ዳግም አትጠቀሙበት፣ መሣሪያውንም እጠቡ። ይህ በሽታ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይፋፋማልና የተዘጋ ላስቲክ ቤት ይመቸዋል።

ድንች አምራቾችም ይህ ይመለከታችኋል። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በእኛው ሐይቅ ስም ዘንገና ብሎ የሰየመው ዝርያ እንኳ አለ፤ ደጋችን የዘር ድንች አገር ነው። ድንች ከመሬት ከወጣ በኋላም ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይተነፍሳል። በላስቲክ ሥር ወይም በተዘጋ ጆንያ ተከምሮ ሲሞቅ ዘሩ ቶሎ ያረጃል፤ ረጅምና ነጭ፣ በቀላሉ የሚሰበር ጉንቁል ያወጣል። ሙቀቱ ሲበዛና አየር ሲያጥር መሐሉ ይጠቁራል፤ ከላይ ምንም አይታይበትም፣ ሲሰነጠቅ ግን ልቡ ከስሏል። የድንች እሳት እራትም እንዲሁ በሞቀ ክምር ውስጥ ይራባል። ዘሩን ከወለል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ብቻ አድርጋችሁ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው ግን ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ አስቀምጡት፤ አጭርና ብርቱ አረንጓዴ ጉንቁል ያወጣል። ብርሃን አግኝቶ የለመለመ ድንች ግን መርዛማ ሶላኒን ስላለው ለዘር እንጂ ለወጥ አይሆንም፤ ከምግቡ ለይታችሁ ልጆች በማያነሡት ቦታ አድርጉት።